የሂፖክራተስ እጅጌ

በስዊስ አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በባዝል ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ በተቀመጥሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ወርኃ ኅዳር ሲጋመስ ደረጃው ከታች እስከ ደጃፌ ድረስ ቅርንፉድ ቅርንፉድ መሽተት ቢጀምር፣ እኔ በቤታችን ቅርንፉድ የሚወጣው ጥርስ የታመመ ሰው ሲኖር ብቻ ሆኖ ያደግሁ ስለ ሆንሁ፣ «ከሥራችን የሚኖሩት ባልቴት መንጋጋቸውን ታመው ኖሯል» ብዬ ከልቤ አዘንሁ። ሰባት ቀን ሙሉ ሽታው ሲበረታ እንጂ ሲቀንስ ባላይ ጊዜ፣ ሕሙም መጠየቅ ከምግባራተ ሠናይ አንዱ መሆኑን አስቤ፣ ብርቱካን በከረጢት ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። እርሳቸውም ሙሉ ጥርሳቸውን እያሳዩ (የተፈጥሮ ይሁን የሐኪም ሥራ አላጣራሁም) ወደ ማድ ቤት አስገቡኝና፣ በመስኮቱ ሥር የተቀመጠውን ባለ ሰፊ አፍ ጠርሙስ ገልጠው አሸተቱኝ። በቀይ ወይን ላይ የቀረፋ እንጨት እንደ ታንኳ ተንሳፍፎ፣ ቅርንፉዱ ከሥሩ ተዘቅዝቆ ይታይ ነበር።

የመጠጡ ስም ሂፖክራስ ነው። የባዝል ሰው ከገና በፊት በየቤቱ ይዘፈዝፈዋል፤ በእነርሱ አዲስ ዓመት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን ከጧቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ወደ ካቴድራሉ በሚያወጣው አቀበት ባለው የውኃ ምንጭ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ሌከርሊ የሚባለውን ከማርና ከለውዝ የሚጋገር ደረቅ ጣፋጭ እየቆረጠመ፣ እንኳን አደረሰህ እየተባባለ ይጠጣዋል። ባልቴቲቱ መጠኑን አንድ በአንድ አጻፉኝ፦ ሁለት ሊትር ቀይ ወይን፣ አንድ ሊትር ነጭ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ግማሽ ፍሬ ገውዝ። «አንድ ቅመም ቀርቷል፤ እርሱ ግን የቤታችን ምሥጢር ነው» ብለው አፋቸውን ዘጉ። ጥርሳቸውንም ከዚያ በኋላ አላየሁም።

እኔ ደግሞ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል፣ እስከ ልደት ድረስ ወይን የሚባል እንዳልቀምስ ለንስሐ አባቴ ቃል ሰጥቼ ነበር። ከዚህ ጭንቅ ያወጣኝ የዕለት ውሎውን በመጻፍ የታወቀው የሎንዶኑ ሳሙኤል ፒፕስ ነው፤ እርሱም እንደ እኔው ከወይን ተገዝቶ ሳለ ኦክቶበር 29 ቀን 1663 በከንቲባው ግብር ላይ ሂፖክራስ ቢቀርብለት፣ ይህ የተቀመመ መጠጥ እንጂ ወይን አይደለም ብሎ ጠጥቶ፣ ከተሳሳትሁም እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ብሎ ማታውኑ ጻፈ። ይህን ትርጓሜ ለሚስቴ ባነብላት፣ «ይኸ አንድምታ ከሆድህ የወጣ ነው» አለችኝ።

ምሥጢሩን ቅመም በራሴ ጥበብ ለማግኘት መጻሕፍት አገላበጥሁ። በ1390 ገደማ የተጻፈው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የወጥ ቤት መጽሐፍ፣ ከእርሱም ጥቂት ዓመት ቈይቶ በፓሪስ ለአንዲት ወጣት ሙሽራ የተጻፈው የባለትዳር መምሪያ፣ ሁለቱም በሂፖክራስ ውስጥ «የገነት ዘር» የሚሉትን ቅመም ይጨምራሉ። ይህ ስመ ገናና ቅመም ከምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ ሲሆን፣ በዘር ሐረጉ የኛይቱ የኮረሪማ የቅርብ ዘመድ ነው። ኮረሪማማ አማቴ ከአገር ቤት በላከችው ከበርበሬው ጋር በታሸገው ጥቅል ውስጥ ሞልቶልኛል! አምስት ፍሬ ፈልፍዬ፣ በሙቀጫ ሰለቅ አድርጌ፣ ከወይኑ ጨመርሁት፤ ሲጨመርም ማድ ቤቱ የዶሮ ወጥ ሊወጣ የደረሰ መሰለ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ትዕግሥት ነበረ፤ እርሱ ደግሞ በቤታችን የለም። በመጀመሪያው ማታ ስኳሩ መሟሟቱን ለማወቅ በማንኪያ ቀመስሁ፤ በሦስተኛው ማታ ማንኪያው ስላነሰ በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁ፤ በሳምንቱም ሚስቴ፣ ምንም ሳትናገር፣ በጠርሙሱ ወገብ ላይ በወይኑ ልክ ጥቁር ክር አሰረች። ክሩ ከወይኑ እየራቀ ሲሄድ፣ በዚህ አገር ማሞቂያ ምክንያት ብዙ ነገር እንደሚተን ላስረዳት ሞከርሁ። «ውኃው ሲተን አይቻለሁ፤ ቀረፋውን ትቶ ወይኑ ብቻ ሲተን ግን ያየሁት እዚህ ነው» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉሹን ማጥለል ግድ ሆነ። መጠጡ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከማጥለያው ነው፤ የጥንት ባለ መድኃኒቶች መድኃኒት የሚያጠሉበትን ሹል የጨርቅ ከረጢት «የሂፖክራተስ እጅጌ» ይሉት ነበርና። ሂፖክራተስ ራሱ ከልደተ ክርስቶስ 460 ዓመት ያህል በፊት በቆስ ደሴት የተወለደ ሐኪም ሲሆን፣ በስሙ የሚጠጣውን አንድም ቀን ሳይቀምስ ሞተ። እኔ እጅጌው ስለሌለኝ፣ በሌሊት፣ መብራት ሳላበራ፣ ከቁም ሣጥኑ ስስ ነጭ ጨርቅ ስቤ አወጣሁ፤ አራት እጥፍ አድርጌም በማሰሮ አፍ ላይ አሰርሁትና ጉሹን አፈሰስሁበት። በመጀመሪያ ድፍርስ ወረደ፤ ቀጥሎ ጠብ ጠብ እያለ እንደ ዕንቍ የጠራ ሆነ። ደስ ብሎኝ መብራቱን ባበራሁ ጊዜ፣ የኮረሪማው ፍርፋሪ በጨርቁ ጥለት ላይ ተሰካክቶ አየሁ። ጥለት ያለው ማጥለያ በዓለም ላይ የለም። አማቴ ለሚስቴ ለጥምቀት ያሠራችላት ነጠላ ነበር።

በአዲሱ ዓመት ጧት ባልቴቲቱ ሌከርሊ በሳህን ይዘው መጡ። የተረፈውን በብርሌ ቀድቼ አቀረብሁላቸው፤ አንድ ጊዜ ተጐነጩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደገሙ። «በዚህ ውስጥ የማላውቀው ነገር አለ፤ ምንድን ነው?» አሉ። እኔም አራት ሳምንት ሙሉ ያጠናሁትን «የቤታችን ምሥጢር ነው» የሚለውን ቃል ለመናገር ገና ጉሮሮዬን ሳጠራ፣ ሚስቴ ከቡናው ረከቦት አጠገብ ሆና፣ በጀርመንኛ ስም ስላላገኘችለት እንዳለ በአማርኛው፣ «ነጠላ» አለቻቸው።

ባልቴቲቱ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከቦርሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ ቃሉን ፊደል በፊደል ጻፉትና፣ ተወቅጦ ነው ወይስ እንዳለ የሚጨመረው ብለው ጠየቁ።

«እንዳለ ነው» አለች ሚስቴ፣ እኔን እያየች።