በርበሬም ቀይ ነው

በዚህ አገር ያለ ፈቃድ መድኃኒት መሸጥ ያስቀጣል። ያለ ፈቃድ በሽታ ማወቅ ግን ቡና በተፈላበት ሁሉ በነፃ ነው። ስለ ሉኪሚያ፣ ማለት ስለ ደም ካንሰር፣ ባነሣሁ ቁጥር የሰማሁትንና የመለስኩትን እነሆ።

«ልጁ ገረጣ፤ ደም ማነስ ነው፤ ቀይ ሥር ጭመቁለት።»
ቀይ ስለሆነ? በርበሬም ቀይ ነው እኮ እትዬ! ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። መቅኔውን የማይረቡ ነጭ ሴሎች ከሞሉት ቀዩ የት ቦታ አግኝቶ ይሠራ?

«ነጭ ከበዛማ እሰየው! በሽታ ይከላከላል።»
ያልበሰሉ ናቸው እማማ። እንደ ሰፈራችን ኮሚቴ ቁጥር እንጂ ሥራ የላቸውም። ልጁን ትኩሳት የሚመላለስበት ለዚሁ ነው።

«ትኩሳቱስ ታይፎይድ ነው ተብሏል።»
ባለፈውም ታይፎይድ፣ ከዚያ በፊትም ታይፎይድ። እንዲህ ከከረመ የቤት ኪራይ ይክፈል እንጂ!

«ነስሩ ፀሐይ መትቶት ነው።»
በሐምሌ? ለልብሳችንም በወጣችልን!

«ድዱን ያደማው ብሩሹ ነው።»
በመፋቂያም ይደማል፤ ቁጭ ብሎም ይደማል። ብሩሹ በነፃ ይሰናበት።

«እግሩ ላይ ያለው ቁንጫ የነከሰው ነው።»
ቁንጫ ያሳክካላ! ይኼ አያሳክክም። የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀይ ነጥቦች ቅልጥሙ ላይ ፈሰዋል። ንጹሕ ብርጭቆ ጫን አድርጉበትና በብርጭቆው ውስጥ እዩት፤ ተራ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል፤ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ግን ንቅንቅ አይልም። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ሲያንስ የሚመጣ ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። ሳይመታ የሚበልዘው ገላም ከዚሁ ነው። ይህን ሁሉ የሠራው ቁንጫ ከሆነማ ደሞዝ ይገባዋል።

«እግሬን የሚለው እያደገ ስለሆነ ነው።»
በአንድ እግሩ ብቻ? ያነክሳል እኮ!

«የጎረቤታችን ሰውዬ ግን ቦርጭ አወጣ፤ ኑሮ ተስማማው።»
ፊቱ እየከሳ? ማታ ማታ አንሶላው በላብ እየራሰ? ደግሞ ቦርጭ በግራ ጎድን ሥር ብቻ ይወጣል እንዴ ጋሼ? ጣፊያ ሲያብጥ ሁለት ጉርሻ ያጠግባል።

«ፋርማሲው ዴክሳ ይወጋና ይነቃል ብሏል።»
ይነቃል፤ ጉዱም እሱ ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን አንዳንዱን የሉኪሚያ ሴል ለጊዜው ስለሚገድሉ ልጁ የተሻለው ይመስላል፤ በሽታው ግን ከምርመራ ይሸሸጋል። ከቡናው ወሬ ሁሉ ያስፈራኝ ይኼ ነው፤ ቀይ ሥሩስ ቢበዛ ምላስ ያቀላል።

«ጠበል እንወስደዋለን።»
ውሰዱት። ጠበሉ ሲቢሲ አታሠሩ አላለም። ሙሉ የደም ምርመራ ነው፤ ከክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል፣ አለቀ። ካጠራጠረ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ከዳሌ አጥንትም መቅኔ ይወሰዳል።

«አንተ ደግሞ ትኩሳት ሁሉ ካንሰር ነው ልትል!»
አልወጣኝም። አብዛኛው አይደለም። መገርጣቱ፣ ትኩሳቱና መድማቱ ተያይዘው ከመጡ ወይም ታክሞ አልለቅ ካለ ነው እንጂ።

«ስሙን አትጥራው፣ ይመጣል!»
በመጥራት የሚመጣ ቢሆን አንደኛ ዕጣ ስንል ስንት ዓመታችን!

«ቢታወቅስ? አይድንም።»
ልጆችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት፣ ሕክምናው በተሟላበት አገር፣ ከ10 ልጆች ከ8 በላይ ይድኑበታል። ሥር ከሰደዱት የአዋቂዎች ዓይነቶች አንዱም እንደ ፈረንጆቹ ከ2001 ወዲህ ኢማቲኒብ የሚባል የሚዋጥ ክኒን አለው። እዚሁ አዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የልጆች ካንሰር ይታከማል።

«ለመሆኑ አንተ ሐኪም ነህ?»
አይደለሁም። ከዚህ ሁሉ ቡና ጠጪ መሐል ሐኪም ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ።