ላም አለኝ በሰማይ፣ ሂሳቧ በየወሩ

ድሮ ሰው ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ይገዛ ነበር። ዘንድሮ መጀመሪያ ይጠቀማሉ፣ ዋጋውን ወር ሲያልቅ ይሰማሉ። የወንድሜ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የኮንሰርት ትኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት አለው። እኔ ጡረተኛው የሂሳብ ሠራተኛ መዝገቡን እይዝለታለሁ። ሰርቨሮቹ የት እንዳሉ ብጠይቀው «ክላውድ ላይ ናቸው፣ ጋሼ» አለኝ፤ ደመና ማለቱ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እኔ ግን ወተቷን ባላይም የሳሯን ሂሳብ በየወሩ አያለሁ።

በዚያ ላይ ሰርቨሩ ሞቀ፣ ዘገየ፣ ወደቀ እያለ ሌት ተቀን የሚከታተል ሌላ አገልግሎት ተከራይተዋል። መከታተሉ ባልከፋ፤ የከፋኝ አከፋፈሉ ነው። «በወር ስንት ነው?» ስለው «እንደ አጠቃቀማችን» ይለኛል። ይኼ ዋጋ ነው? ማሽኑ በቁጥር ይከፈላል፤ የክትትሉን ገጽ የሚያየው ሠራተኛ በነፍስ ወከፍ፤ ሰርቨሩ ውሎውን የሚጽፍበት ሎግ ደግሞ በጊጋባይት። ሎጉን መቀበያ አንድ ሂሳብ አለው፤ በኋላ ተፈልጎ እንዲገኝ ማቆያው ሌላ ሂሳብ። የዓመት ውል ከገቡ ይረክሳል፤ ላልተጠቀሙበት መክፈልም አብሮ ይመጣል።

በእንቁጣጣሽ ኮንሰርት ሰሞን ገዢው ሲበዛ 4 የነበሩት ማሽኖች በራሳቸው ጊዜ 40 ሆኑ። የቆዩት 10 ሰዓት ነው፤ ሂሳቡ የመጣው ግን ወሩን ሙሉ 40 እንደነበሩ ተቆጥሮ። መነጽሬን አድርጌ ውሉን አነበብኩ። ወሩ 720 ሰዓት ነው። ከወሩ ሰዓቶች ማሽን እጅግ የበዛባቸውን አንድ በመቶ፣ ማለትም 7 ሰዓት ያህል፣ ይተዉልናል። ከዚያ በኋላ የተገኘው ትልቁ ቁጥር የወሩ ሂሳብ ይሆናል። ሕዝባችን በ7 ሰዓት ውስጥ ትኬቱን ቆርጦ ቢጨርስ ምን ነበረበት? አንዱ ከሥራ እስኪወጣ፣ ሌላው ጓደኞቹን እስኪጠይቅ ሲንጠባጠብ አመሸ። በማሽን 15 ዶላር ስናሰላ 60 ዶላር የነበረው 600 ሆነ።

ልጁ ደግሞ የተራቀቀ መስሎት ጥያቄዎችን በአካባቢና በምላሽ ዓይነት ለይታ በምትቆጥር አንዲት ቆጣሪ ላይ የደንበኛውን መለያ ጨመረባት። 3 አካባቢ፣ 5 ዓይነት ምላሽ፣ 1,000 ደንበኛ፤ ሲባዛ 15,000። እያንዳንዱ እንደ አንድ መለኪያ ለብቻው ይከፈልበታል። ማባዛትን በልጅነቱ ያስጠናሁት እኔ ነበርኩ፤ የተማረውን አሁን በሥራ ላይ አዋለው።

አንጀቴን የሚያሳርረው ግን ሌላ ነው። ሰርቨር ጤነኛ ሲሆን ቁጥብ ነው፤ ሲታመም ይለፈልፋል። ስህተት በስህተት ላይ ይጽፋል፣ የጻፈው ሁሉ ይመዘናል። እንግዲህ ትኬት መሸጥ ባቃተን፣ ገቢ በደረቀብን ቀን ነው ሂሳቡ የሚቆለለው። ለቅሶ ቤት እንኳ በእንባ ልክ አያስከፍልም!

«ነፃ የሆነ የለም ወይ?» አልኩት። አለ፤ ናጊዮስ እ.ኤ.አ. ከ1999፣ ፕሮሜቴየስ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ያሉ ናቸው። «ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ጋሼ፤ ማሽኑንና ማከማቻውን፣ ሌሊት ተነስቶ የሚጠግነውንም ሰው ግን የምናቀርበው እኛ ነን» አለኝ። ደመወዙን ደምሬ ሳየው እውነቱን ነው፤ ዝም አልኩ።

እናንተ ወጣቶች፣ ሽማግሌ ነጭናጫ ነው ብላችሁ አትለፉኝ። የዓመት ውል የምትገቡት ሁልጊዜ ለምትጠቀሙበት ያህል ብቻ ይሁን፤ ትርፉን በተጠቀማችሁ ቁጥር ክፈሉ። ለሎግ የቀን ገደብ አብጁለት። ሂሳቡ ካሰባችሁት ግማሽ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይላክላችሁ፤ ሰርቨሩን የሚከታተል የራሱንም ሂሳብ ይከታተል እንጂ! ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ውሉን መዝገብ ለሚያውቅ ሽማግሌ አስነብቡ። እኛ በጊጋባይት አናስከፍልም።