ክረምት በ150 ፊደል

ሐምሌ ሲገባ አሶሳ ላይ ማንጎው አልቋል፣ ማሽላው ገና ነው፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ክረምቱን እዚህ ያሳለፈ ሰው ግን ልጆች ሥራ ፈት ናቸው አይልም፤ አረሙ አለ፣ ከብቱ አለ፣ ታናናሾች አሉ። የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍልን ጨርሳ አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከት እንደምትፈልግ ስትነግረን በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ።

ሐሳቧን ማንም አላጣጣለባትም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም.አይ.ቲ. የውጭ አገር ተማሪ መክፈል ይችላል አይችልም ብለው ሳያዩ ይመርጣሉ፤ ለተቀበሉትም ቤተሰቡ የጎደለውን ይሞላሉ። ጭንቁ መግባቱ ላይ ነው፤ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይገባም። አገር ቤትም ቢሆን በሩ ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እንግዲህ ሁለቱንም በር ታንኳኳ ተባባልን።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ ስለ ሰርተፊኬት ያወራል። ዬል ለአፍሪካ ወጣቶች በነጻ የሚሰጠው የክረምት ፕሮግራም እንዳለ ስንሰማ የማመልከቻው ቀን አልፎ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው አዲስ አበባ ስላለ የ«ወጣት መሪዎች» ሥልጠና ነገረን። ክፍያው በቅድሚያ ነው፣ ወረቀቱም ውጭ አገር ይታወቃል ተባለ። አባቷ ፍየሎቹን ሸጦ ላከ፤ እኔና እሷ በአውቶቡስ ተነሣን።

ባምባሲን አልፈን መንዲ ሳንደርስ አውቶቡሱ ቆመ። ዝናቡ አላባራም። ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቶ በጀርባው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ከአውቶቡሱ ሥር ገባ፤ ሲወጣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው አንድ መልክ ሆኗል። መለዋወጫው ከነቀምቴ ካልመጣ አንንቀሳቀስም አለን። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ፈትተው ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ቆሎ አዞሩ፤ የእህቴ ልጅ በስልኳ መብራት የእንግሊዝኛ ቃላት ስታጠና እዚያው አደርን። አዲስ አበባ ስንደርስ ሥልጠናው ተጀምሮ ነበር። በር ላይ የነበረችው ሠራተኛ መዝገቡ እንደተዘጋ፣ ገንዘብም እንደማይመለስ ነገረችን። ለምን እንደዘገየን የጠየቀን የለም፤ መንገድ ነው፣ ዝናብ ነው ብንል የሚሰማን አላገኘንም።

«ጋሼ፣ የአባዬ ፍየሎችስ?» አለችኝ።

እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጄ ያልፍላት ይሆናል የሚል አባት ያለውን ሸጦ ሲሰጥ፣ ያን ጉጉቱን አይቶ የሚነግድበት ሰው ትልቅ በደል ይሠራል። በየከተማው ወላጆች ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲከፍሉ ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ተመለስን። እሷ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም፤ በሳምንቱ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረች። የኛ መንደር ሰው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት ነው፤ ጎረቤቶቻችን በርታዎች ናቸው፤ ልጆቹ አንድ ላይ ነው ያደጉት። አማርኛው ያልገባውን ልጅ በበርትኛ ታስረዳዋለች።

የምታስጠናበት ክፍል ኮርኒስ የለውም። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወርድበት አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ አየኋት። ሰሌዳው ላይ ከላይ 3/4፣ ከታች 2/3 ጻፈች። ወደ ልጆቹ ዞራ ቀኝ እጇን አንሥታ የላይኛውን፣ ግራዋን አንሥታ የታችኛውን አሳየች፤ የቱ ይበልጣል ማለቷ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ብቻውን ግራውን አነሣ። ጠርታ ጠመኔውን ሰጠችው። ሁለቱንም ወደ አሥራ ሁለተኛ አምጥቶ 9 እና 8 ሲያገኝ ቆም አለና፣ ማንም ሳይነግረው ቀኝ እጁን አወጣ። ዝናቡ እስኪያባራ ትምህርቱ በእጅና በጠመኔ ቀጠለ።

የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ ደግሞ ከሐምሌ 25 ጀምሮ ተከፍቷል። ኮመን አፕ ይባላል፤ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይቀበሉታል። ከክፍል ውጭ የሠራችሁትን እስከ አሥር ድረስ ዘርዝሩ ይላል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚሰጠው ቦታ ክፍተቱ ጭምር ተቆጥሮ 150 ፊደል ነው። «የሚጻፍ የለኝም ጋሼ» አለች። ከሚመረጡት የሥራ ዓይነቶች ውስጥ ግን የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ራሱን ችሎ ተቀምጧል፤ ተከፍሎ የተሠራ ሥራም እንዲሁ። በሃርቫርድ የትምህርት ኮሌጅ ያለ አንድ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሰነድ ኮሌጆች ታናሽ ያሳደገንና ቤተሰብ የረዳን ተማሪ ከሌላው እኩል እንዲቆጥሩት ጠይቋል፤ ብዙ ኮሌጆችም ፈርመውበታል። ይህን ካነበብን በኋላ በግንቦት የሸጠችው ማንጎ ተጻፈ። ጤና ጣቢያ ለበርታ እናቶች ያስተረጎመችው ተጻፈ። ሒሳቡም ተጻፈ። በእንግሊዝኛ ከ150 ፊደል እንዳያልፍ አንድ ምሽት ሙሉ ስታሳጥረው አመሸች።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ነገር መጣ። ትራንስክሪፕት በነሐሴ ማን ይሰጣል? መዝገብ ያዡ ፈቃድ ላይ ነው፣ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። ሪኮሜንዴሽን የሚጽፍላት የሒሳብ መምህሯ ራሱ ለክረምት ኮርስ ሌላ ከተማ ነበር። ቀን ሲማር ውሎ ማታ ዶርም ውስጥ በስልኩ ጻፈላት፤ እግዜር ይስጠው። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስ.ኤ.ቲ. ከአሜሪካ ውጭ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ የተለማመደችው በተውሶ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲኖር ነው።

መልሱ በመጋቢት ይመጣል። ለመጪው ክረምት በትምህርት ቤቱ ኮርኒስ ያለው አንድ ክፍል፣ ሐምሌና ነሐሴ የማይቆለፍ የኮምፒውተር ክፍል፣ ማኅተም የሚመታ አንድ ተረኛ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ጥያቄውን የጻፈችው እሷ ናት፤ ከወላጆች ጋር ፈርመን አስገብተናል።