ሚሞሪ ካርድና ማኅበረሰብ፦ በእንጅባራና በዳንግላ ሙዚቃ ቤቶች ላይ የተደረገ ቅድመ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ዳንግላ ለተመራማሪ ዓይን እንግዳ አይደለችም። የእንግሊዙ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ለዓመታት መቀመጫውን እዚያው አድርጎ፣ ጣናን ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ፣ በ1936 ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳትሟል። ስለ ሙዚቃ ቤት ግን ያለው ነገር የለም። የምሁራን ቸልተኝነት የጀመረው ያኔ ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተሰናድቷል።

ብያኔ

በጥናቱ አካባቢ ሙዚቃ ቤት ማለት ሰው ጉርድ ፎቶ የሚነሳበት፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍበት፣ መታወቂያ በላስቲክ የሚያስለብጥበት፣ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያስቀርጽበት፣ ጊዜ ከተረፈም በሚሞሪ ካርዱ ዘፈን የሚያስጭንበት አንድ ክፍል ነው። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር አባቱ ካሴት፣ አያቱ ሸክላ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ክልከላውን ችላ ብሎ በግሉ ማሳተም ጀመረ። የልጅ ልጆቹም ችላ ማለቱን ወርሰዋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለ ማባዛት በዝርዝር ይደነግጋል። ስለ አዋጁ የተጠየቀው ባለሙዚቃ ቤት መልሱ አጭር ነበር፦ «ያምጡትና ኮፒ ላድርግልዎ።»

ግኝት አንድ፦ ስለ ኮቱ

በፎቶ ማንሻው ጓዳ ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ሥራ ፈላጊው፣ ተማሪው፣ አዲሱ ሙሽራ ሁሉ ይህንኑ ኮት ለብሶ ይነሳል። ከፊት ልክ ነው፤ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በየመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ቢፈተሽ ከማንም ሠራተኛ በላይ ፎቶው ያለው ኮቱ ነው። ደመወዝ ግን የለውም።

ከኮቱ ጀርባ ያለው መጋረጃም ትኩረት ይሻል። ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ዳር፣ በደን ተከቦ ተኝቷል። መጋረጃው ላይ ያለው ውኃ ግን ዘንባባ የበቀለበት ማዶ አገር ባሕር ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ዘንገናንማ ማን አላየ?» የሚል ምሁራዊ ምላሽ ተገኝቷል።

ግኝት ሁለት፦ ስለ ፈረሱ

የቤቱ የዓመቱ ታላቅ ሥራ የሚሠራው ጥር 23 ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር፣ ፈረሱ ከካሜራው ይፈጥናል። አንሺው ትኩረቱን እስኪያስተካክል የሚቀረጸው አቧራና ጭራ ነው። ችግሩ በኤዲቲንግ ይፈታል፤ ጭራው «ስሎው» ይደረግና ከሥሩ ሽለላ ይገባበታል። ባለፈረሱ አይቶ «ይህ የኔ ፈረስ ጭራ ነው» ብሎ ለይቶ ያውቃል፣ ይከፍላል፣ ሁለት ኮፒም ያዛል። አጥኚው ጭራን ከጭራ መለየት አልቻለም።

ግኝት ሦስት፦ ስለ ጥቆማው

የጥናቱ እምብርት ይህ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ትልቅ ኩባንያ ሰው ቀጥሎ ምን መስማት እንደሚፈልግ ለመገመት አዳራሽ ሙሉ ኮምፒውተር ያስነሳል። የእንጅባራው ሙዚቃ ቤት ልጅ ጫማ ያያል። ቦት ጫማ ጭቃ ከያዘ ዋሽንትና የጎጃም እስክስታ፣ ሸራ ጫማ ከሆነ የሰሞኑ ነጠላ ዜማ፣ ነጠላ ጫማ ከሆነ ትርጉም ፊልም። ለሽማግሌ አቀራረቡ ይለወጣል፦

«አባባ፣ ምን ልጫንልዎ?»

«መዝሙር ጫንልኝ፣ ልጄ።»

«ዘፈንስ?»

«ከኋላ አድርገው።»

የካርዱ አደረጃጀት ከዚህ ውይይት የመጣ ነው። መዝሙር ከፊት፣ ዘፈን ከኋላ። በዐቢይ ጾም የኋለኛው ፎልደር ይደበቃል፤ ለፋሲካ ይገለጣል፤ አንዱም ዘፈን አይጠፋም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ካሊፎርኒያ የእንጅባራን ሰው ምርጫ መገመት አቆመች። ልጁ አላቆመም። የአገሪቱ የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት ማን ተዳረ፣ ማን ሥራ ለቀቀ፣ የማን ልጅ ዓረብ አገር ሄደች ለሚለው ያለው ወቅታዊ የመረጃ ምንጭ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻና የሰርግ ቪዲዮ የሚያልፍበት ይኸው ጠረጴዛ ነው። የልጁ ጥቆማ የማይስተው ለዚህ ነው። ባሏ ሰሞኑን ለሄደባት ሴት የመለያየት ዘፈን አይጭንም። ካልጠየቀችው በቀር ምክንያቱንም አይናገርም።

ንዑስ ግኝት

ደንበኛ በሁለት ይከፈላል፦ የሚያስጭንና ዝናብ የሚጠለል። የአዊ ዞን ክረምት ረዥም ስለሆነ ሁለተኛው ይበዛል። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ትኩስ ቅቅል ድንች እየላጠ፣ በድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ሁሉ በነፃ ይሰማል፤ ካልጣመው «ቀይረው!» ይላል። ይቀየርለታል።

የጥናቱ ውስንነት

መብራት።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ኮቱ ጡረታ ይውጣ። ሁለተኛ፣ መጋረጃው ላይ ዘንገና ይሳል፤ ዘንባባው ካስፈለገ ዳር ላይ ይቆይ። ሦስተኛው ምክረ ሐሳብ የአጥኚው አይደለም። ጥናቱን የተየበው ልጁ ራሱ ነው፤ ገጾቹን ቆጥሮ፣ የአጥኚውን ጫማ አይቶ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ይህን ማንም አያነበውም። በድምፅ ያንብቡትና ከመዝሙሩና ከዘፈኑ መሐል ላስገባልዎ።» ምክረ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ሒሳቡም ተከፍሏል።