«ቀላል ናት»፦ በሮቤ፣ በጎባና በሳነቴ የሞተር ጥገና ላይ የተካሄደ ጥናት

የዚህ ጥናት ናሙና አንዲት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ናሙናው አነሰ የሚል ተቺ ቢነሳ አጥኚው አይከፋም፤ ተቺው ሁለተኛዋን ገዝቶ ቢያቀርብ እሷንም በጸጋ ይቀበላል። መኪናዋ የአጥኚው የግል ንብረት መሆኗ አስቀድሞ ይታወቅ። ይህ የጥቅም ግጭት አይሆንም ወይ ለሚል፣ እስካሁን ጥቅም አልተገኘም።

ለምን አሮጌ መኪና ተመረጠ የሚለው ጥያቄ የአገሩን ሁኔታ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ለማስገባት ያሰበውን ሰው ሐሳቡን አስቀየረው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ አገደ። በዚህ ምክንያት ቀደም ብሎ የገባው ሁሉ እንዳይሞት ተፈረደበት። ዲኤክስ ከፋብሪካ በወጣችበት ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሽበት አብቅሏል፤ የእሱ ዋጋ በየዓመቱ ሲቀንስ የእሷ ይጨምራል። የሒሳብ ባለሙያዎች የእርጅና ተቀናሽ የሚሉት ነገር በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ከአጥሩ ውጭ ሮቤ ከተማ ላይ አልታየም።

የጥናቱ ስፍራ የተመረጠው በከፍታው ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ከ2,700 ትበልጣለች። ከጎባ ጀርባ መንገዱ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣና 4,000 ሜትርን አልፎ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን በጎን ትቶ፣ በሐረና ጫካ ውስጥ ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል። ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱ የአፍሪካ መንገዶች ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። ለዚህ ጥናት ያለው ፋይዳ ግን ሌላ ነው፦ በአካባቢው በማይታለል መሣሪያ ሞተር የሚፈትሽ ብቸኛው ተቋም ሳነቴ ነው።

የጋራዡ ፈተና በአንጻሩ ቸር ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ በእጁ ይስባል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ጋሼ፣ ስማት እስቲ!» ይላል። ጋሼም ይሰማል። ምን መስማት እንዳለበት ባያውቅም ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ ፈተና የወደቀ ሞተር በጥናቱ ዘመን አልተመዘገበም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ግኝት እንግባ። አንድ መካኒክ ኮፈኑን እንደከፈተ ቀድሞ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን ባለቤቱን ነው። ቀጥሎ «ይሄን ማነው የነካው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መረጃ ፍለጋ አይደለም። የሮቤው መካኒክ የጎባውን፣ የጎባው የሮቤውን፣ የአዲስ አበባው ሁለቱንም ይወቅሳል። አጥኚው ነገሩን ለማጣራት መኪናዋን መጀመሪያ ወደሠራት ጋራዥ መልሶ ወሰዳት። ያው መካኒክ ያው ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና፣ ከንፈሩን መጦ፣ «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እንዲህ ያደረጋት?» አለ። አጥኚው ከሥነ ምግባር ደንቡ የተነሳ ዝም አለ።

ይህ ሕግ ወደኋላ ከተዘረጋ መድረሻው ሩቅ ነው። እያንዳንዱ ጥፋት የቀዳሚው መካኒክ ከሆነ፣ የቀዳሚው ደግሞ የቀዳሚው ከሆነ፣ ሰንሰለቱ ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ ለዳግማዊ ምኒልክ እስካስረከበበት እስከ 1900 ዓ.ም. ይዘልቃል። ሰውየው ያን ሁሉ በረሃና ዳገት ሲያልፍ በመንገድ ላይ ሞተሩን ሳይነካ እንዳልቀረ መገመት አያዳግትም። የሮቤ ጋራዦች ሁሉ በጋራ የሚስማሙበት አንድ ጥፋተኛ ቢፈለግ ከእሱ የተሻለ ዕጩ የለም፤ መልስ አይሰጥም።

በናሙናዋ ላይ የደረሰውን በቅደም ተከተል ለመረዳት ከቴርሞስታት መጀመር ይሻላል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ ነው። በአገራችን ብዙ ጋራዦች ዘንድ ግን በጠላትነት ይታያል። መካኒኩ አውልቆ በመዳፉ ላይ አገላበጠውና «ውሃውን የሚያንቀው ይሄ ነው» አለ፤ ከዚያም ለረዳቱ ወረወረለት። አዋሽ ላይ ቢሆን ምክንያቱ በመጠኑም ቢሆን ይገባል። በእኛ ብርድ ግን ያለ እሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ሳነቴ ላይማ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ራዲያተር ውስጥ የተተወ ንጹሕ የወንዝ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብሎኩ ደግሞ ለመለጠጥ አልተሠራም። ይህን ለመካኒኩ ብነግረው «ታዲያ ማታ ሳነቴ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ወደ ጥናቱ ገብቷል።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን አለ። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ፣ ሮቤ ላይ በ92 ገደማ፣ ሳነቴ ላይ በ87 ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ክዳን ግፊት አፍኖ በመያዝ ይህን ቁጥር ሳነቴ ላይ እንኳ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የናሙናዋ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ስለነበር ከሥሩ የተጣጠፈ ፌስታል ተደርጎለት፣ ከላይ በሽቦ ታስሯል። አንድ ሞተር በወጉ ሲሠራ የውሃው ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ፌስታል የለበሰ ሞተር ሳነቴ ላይ ልክ ጤነኛ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ ይፈላል። ናሙናዋ ጠዋት ሮቤ ላይ እየበረዳት ቤንዚን ትጠጣለች፤ እኩለ ቀን ላይ ሳነቴ ስትደርስ ትንፈቀፈቃለች። አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለቱን በሽታ መታመሟ ለአጥኚው ትልቅ ዕድል ነበር።

የመቆሚያው ስፍራም አይከፋም። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩ በባሌ ተራሮች የሚኖር ሲሆን፣ ፓርኩን ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቱሪስት ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን፣ ኮፈን ከፍቶ ውሃ እስኪበርድ የሚጠብቅ ሰው በነጻ ያያል። ቀበሮዋ መኪናዋን አየች፤ የፍልፈል ጉድጓድ ስላልነበረ ወደ ሥራዋ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ጋቢ የተከናነቡ አንድ አዛውንት በፈረስ መጡ።

«ይቺ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አርባ ይሆናታል፣ አባቴ።»

«ፈረስ አርባ ዓመት አይኖርም» ብለው አለፉ። ለማድነቅ ይሁን ለሌላ ከፊታቸው ማንበብ ስላልተቻለ በጥናቱ ላይ ገለልተኛ አስተያየት ተብሎ ተይዟል።

የፈላ ሞተር መጨረሻው ቴስታታው ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ከልኩ ያለፈ ሙቀት ያጣምመዋል። በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት፣ ሊተዋወቁ የማይገባቸው ሁለቱ፣ ይገናኛሉ። የዘይቱን ክዳን ስትከፍት ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ የሚቀርበው ዓይነት ማኪያቶ ታገኛለህ። መካኒኩ በጣቱ ነካ አድርጎ ቀለሙን ወደ ብርሃን አስጠጋና ፍርዱን ሰጠ፦ «ቀላል ናት።»

ፋብሪካው ለእንዲህ ያለ ቴስታታ የሚፈቅደው መጣመም የአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። የሚለካውም ቀጥ ያለ ብረት ላዩ ላይ ተጋድሞ በሥሩ ስስ የብረት ቅጠል በማሾለክ ነው። የእኛው መካኒክ ቴስታታውን ሁለት እጁ ላይ አንስቶ ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ግራ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቀኙን አጠበበ። ረዳቱ ትንፋሹን ዋጠ። «ቀጥ ያለች ናት» አለ መካኒኩ። የቀኝ ዓይኑ መቼ እንደተስተካከለ የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም። አሮጌው ጓርኒሲዮን በቤንዚን ታጥቦ በሁለት ወገን ሲሊኮን ተቀባና ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሲሊኮኑ ሾልኮ በወጣበት ጠርዝ በኩል ረዳቱ በአውራ ጣቱ አሳምሮ አለሰለሰው፤ ከሥራው ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራው ይህ ነበር።

የቴስታታ ቡሎኖች ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በዙር በዙር፣ ልኩን በሚያሳይ መፍቻ ይጠብቃሉ ይላል መመሪያው። እዚህ መፍቻው ጫፍ ላይ የኮምባይነር ቱቦ ተሰካ፤ ረዳቱ እግሩን ባምፐሩ ላይ ተክሎ ከዳር ጀመረ። የጥብቀቱ መለኪያ አሃድ «ከዚህ በላይ አይሄድም» የሚባለው ነው። አንዱ ግን ሄደ። ጥርሱ እንደተላጠ ሁላችንም ሰማን፤ ማንም አላነሳውም።

ሥራው ሲያልቅ በሰርዲን ቆርቆሮው ውስጥ ሦስት ቡሎንና አንድ ራንዴላ ቀሩ። «እነዚህስ?» አልኩ። «ጋሼ፣ ጃፓን ቡሎን ያበዛል» አለኝ። በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን በጥልቀት ሳስበው ጃፓኖች በእርግጥ ያበዙ ይሆናል። በየጥገናው ሦስት ሦስት እየቀነሰ የሚሄድ ሞተር ክብደቱ እየቀለለ ነዳጅ መቆጠቡ አይቀርም፤ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ ቆርቆሮው ውስጥ ሲገባ ፍጆታው ዜሮ ይሆናል።

የካንዴላ ገመዶች ነገር በአጭሩ ይበቃል። ባለ አራት ፒስተኑ የዚህች መኪና ሞተር 1-3-4-2 በሚል ተራ ይተኩሳል፤ ናሙናዋ ከጋራዥ ስትወጣ ተራው ሌላ ነበር። ጎባ ገበያ አጠገብ በማርሚታዋ በኩል ተኮሰች። ፈረሶች ደነበሩ፤ ሰው ዞር ብሎ አየና ኮሮላ መሆኗን ሲያውቅ ወደ ገበያው ተመለሰ።

ስለ ካርቡራቶርም እንዲሁ። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል፤ ሳነቴ ላይ ያለው ግፊት ከባሕር ወለሉ 62 በመቶ ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ የተቃኘ ካርቡራቶር ባለበት ቀርቶ ሳነቴ ላይ ሲደርስ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይደክማል። ሳነቴ ላይ ቢቃኝ ደግሞ ደሎ መና ሲወርድ ሚኒሞው አልቆም ይላል። ስለዚህ አንዲት ዲኤክስ የምትሠራው በትክክል በተቃኘችበት ቀበሌ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የሚጠበቀው መደምደሚያ መካኒኩ አያውቅም የሚል ነው። መረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በቦና መኸር፣ የሲናናና የአጋርፋ ስንዴ ደርሶ ኮምባይነሮች ሲገቡ፣ ይኸው መካኒክ ከሮቤ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ማሳ ላይ አገኘሁት። ኮምባይነር ሥር ተኝቶ፣ መመሪያውን ደረቱ ላይ ዘርግቶ፣ ገጹን በዘይት ጣቱ እየገለጠ፣ ረዳቱን «ኦሪጅናሉ እስኪመጣ አንዱን ቡሎን እንዳትነካ!» እያለ ይቆጣል። ልኩን የሚያሳየው መፍቻ ከጨርቅ ተፈቶ ጎኑ ተቀምጧል። አለው ማለት ነው። የኮምባይነሩ ባለቤት አጠገቡ ቆሞ ደመናውን ያያል፤ አንድ ቀን ከቆመ ስንዴው ይዘንብበታል፤ ስለዚህ የተጠየቀውን ይከፍላል።

ለእኔ ግን ሁለት ዋጋ ነበር የተነገረኝ። አንዱ ቴስታታውን ወደ ሻሸመኔ ወይም አዲስ አበባ ልኮ ማስላጥ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ጓርኒሲዮንና ክዳን ማስመጣት፣ ቴርሞስታቱን መመለስ ነው። መካኒኩ ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው፣ በሥርዓቱ፣ በጣቱ እየቆጠረ አስረድቶኛል። ሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያው ሩብ አይሆንም። እኔም እንደ ማንኛውም ባለ መኪና ሲደማመር አልሰማሁትም ነበር፤ ድምሩ ላይ ብቻ ነቃሁና «ወንድሜ፣ ለጊዜው አድርግልኝ» አልኩት። በሮቤ ጋራዦች ውስጥ ለጊዜው የተሠራ ነገር በአማካይ የባለቤቱን ትዕግሥት ያህል ይቆያል። ፌስታሉን ያስቀመጠው የእሱ እጅ ነው፤ ያዘዘው እኔ ነኝ። እሱ «ቀላል ናት» ሲል ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ እኔ ኪስ እየተናገረ እንደነበር የገባኝ ከማሳው ስመለስ ነው።

ጥናቱ በገንዘብ እጥረት እዚህ ላይ ተቋርጧል። ናሙናዋ ሮቤ ላይ ቆማለች፤ ምርምሩን መቀጠል ለሚፈልግ ዋጋዋ በድርድር ነው። ሞተሯ በቅርቡ ወርዶ ተሠርቷል።