«ተነስ! ምንም አልሆንክም!»

ጎበዝ፣ ይህን ሰውዬ የማያውቅ ሜዳ አለ? ልጁ ወድቆ አቧራው እንኳ ሳይበርድ «ተነስ! ምንም አልሆንክም!» የሚለውን? የሚያየው ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ነው፤ ያውም በሰው ትከሻ ተከልሎ። ከዚያ ርቀት ራጅም አያይ! ስሙን አያ ተነስ ብዬዋለሁ።

ና እስቲ ወደዚህ፣ አያ ተነስ። «ስፖርተኛ ሐኪም ምን ያደርግለታል? ሞቅ አድርጎ ማሸት ነው» አልክ አሉ። የሚታሸውማ እሸት ነው! የልጁ ቁርጭምጭሚት አሁን ታጥፏል፣ ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው። አንተ ቅባትህን ይዘህ ደሙን ልታባብስ ትሮጣለህ። ይልቅ ቀስ ብሎ አራት እርምጃ ይሞክር። ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ከኋላ ሲነካ ካመመው፣ መንገዱ ወደ ራጅ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ደንብ ነው፤ አራት መቁጠር ብቻ ይጠይቃል። አራትም በዛብህ?

ደግሞ ማሰር ትወዳለህ! እግሩ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ ጠፍረህ ያሰርከው? ሸንበቆና ጨርቅ ደርበህ ስታጠብቅበት ደም መግቢያ ያጣል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። አንተ ያሰርከውን ሐኪም በመጋዝ ይፈታዋል! በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ፤ ይህን ስናገር አልስቅም። ወጌሻን መንካቴ እንዳይመስልህ። ልኩን የሚያውቅ ወጌሻ «ይኼስ የሐኪም ነው» ብሎ ይመልሳል። አንተ ግን ወጌሻም አይደለህ!

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለም ወይ?» አልክ። ሮጧል፤ ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1960። አንተ ግን ወሬውን ሮም ላይ አቋርጠህ ተኛህ። ቶኪዮ 1964 ላይ ጫማውን አጥልቆ የማራቶንን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ! ማን አወጣለት? አንተ በቅባት? ሜክሲኮ 1968 ላይ ደግሞ ጉዳት የነበረበት እግሩ እምቢ ሲለው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። አበበ ያቋረጠውን ሩጫ የሰፈራችን ልጅ እያነከሰ ይጨርስልህ? ሪከርድ ስበር ብለህ የላክኸው አጥንቱን ሰብሮ ይምጣ?

«እሺ፣ መርፌ ወጋ አድርጉትና ይግባ!» መርፌው ዝም የሚያሰኘው ሕመሙን ነው፤ ጉዳቱማ ሥራ ላይ ነው። ከኪስህ የምታወጣው የጉንፋን ክኒንስ? ፕሱዶኤፌድሪን ካለበትና በውድድር ቀን ሽንቱ ውስጥ ከልኩ ካለፈ፣ ልጁ ዶፒንግ ተገኘበት ይባላል። «ሰው ሰጥቶኝ ነው» ማለት አያድነውም፤ ለሰውነቱ ተጠያቂው ራሱ ነው። ጉንፋን በሳምንት ይለቃል። እገዳ በሳምንት ሲለቅ አይተሃል?

አሁን ወደ ጭንቅላት እንውጣ፤ ላንተ ዳገት ቢሆንም። ሁለት ልጆች በቴስታ ተጋጩ። አንደኛው ተነሳ፣ ዓይኑ ግን ሌላ አገር ነው። አንተ ሁለት ጣት ቀሰርክና «ስንት ነው?» አልከው። «ሁለት።» «በቃ፣ ምንም የለበትም!» ምንም የሌለበት ጭንቅላት የማን እንደሆነ ታዛቢ ይፍረድ! ሐኪሙ ሌላ ነው የሚጠይቀው፦ የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻዋን ጎል ማን አገባት? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? ልጁ እዚህ ላይ ከተደናበረ፣ ወይም ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ በዚያ ቀን ተመልሶ አይገባም። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ሊሞት ይችላል። ለዚህ እኮ ነው የእግር ኳስ ሕግ ለጭንቅላት ጉዳት ተጨማሪ ቅያሪ የፈቀደው። አሰልጣኙ የሚያየው ሰዓቱን ነው፣ ሐኪሙ የሚያየው የልጁን ዓይን። «ይግባ» እና «ይውጣ» ሲጋጩ የሐኪሙ ቃል ይጽና፤ ክለቡም ይህን በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርም!

«ልብ ያለው ተጫዋች ሐኪም አያሻውም» አልክ? ልብ ያለው ሁሉ ያሻዋል፤ የሚቆመው ልብ ነዋ! ሰኔ 12 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.፣ ኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ ከፊንላንድ። የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ወደቀ። አንተ ብትኖር ውሃ ትደፋበት ነበር። ሐኪሞቹ ደረቱን ተጫኑ፣ ልቡን በኤሌክትሪክ መቱ፣ ሕይወቱን መለሱለት። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ስሎቬኒያ ላይ ጎል ሲያገባ «ልብ አለው» ብለህ አጨብጭበሃል። ማን እንዳስነሳለትማ አልጠየቅክም!

ልቡ የቆመ ሰው ማንም ካልደረሰለት በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አልፎ አልፎ ማጓራቱ ያታልላል፤ «ይኸው እየተነፈሰ ነው» ትላለህ። አይደለም! ጥራው፤ ካልመለሰና በወጉ ካልተነፈሰ አንዱ 907 ይደውል፣ አንዱ ደረቱ መሃል ላይ ይጫን፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አንተ «ያልፋል፣ ያልፋል» ትላለህ፤ የሚያልፈው ሕመሙ ይሁን ልጁ ግን አልነገርከንም።

አሁን አምቡላንሱ መጣ እንበል። የሜዳው የመኪና በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። ዘበኛው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ሻይ ቤቱ የት ነው? አየህ፣ ሁሉን ታውቅ ነበር፤ ይቺን ግን አላወቅካትም። በል ጨዋታው ሳይጀመር ሂድና ቁልፉን አምጣ!