የኮርኒስ ስደት

ተሰደው ኑሮ ከከበዳቸው ቃላት አንዱ ኮርኒስ ነው። ጣሊያን አገር እያለ የሕንፃ ዘውድ ነበር። በዓምዶች አናት ላይ በአግድም የሚያርፈው ክፍል ሦስት እርከን አለው፤ ከታች አርኪትሬቭ፣ መሐል ፍሪዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረቱን ወደ ውጭ የነፋው ኮርኒስ። ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የዝናቡን ውኃ ከግድግዳው አርቆ ይጥላል። ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. በ1546 ሮም ያለውን የፋርኔዜ ቤተ መንግሥት ሥራ ሲረከብ ኮርኒሱ አሳስቦት በእንጨት አስመስሎ አሠራና አንድ ጥግ ላይ አሰቀለው፤ ከታች ቆመው እንዲያዩት። ያን ያህል ይከበር ነበር።

እኛ ዘንድ ከፌሮና ከላሜራ ጋር ነው የገባው። እነሱ ስማቸውን ከነሥራቸው ይዘው ሲኖሩ እሱ ከደጅ ወደ ቤት ገባና ከቆርቆሮው ሥር ተጋደመ። በአንዱ ቤት አቡጀዴ ሆኖ ኖራ ተቀባ፤ በሌላው የማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ተሰፋ፤ ደህና ደመወዝ ባለበት ችፑድ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ሀብታም ቤት ጂፕሰም ሆኖ ሆዱ ውስጥ አምፖል ቀብሮ ያበራል። በአገሩ ዝናብ ይመልስ የነበረው ጌታ እዚህ ቆርቆሮው ያፈሰሰውን ሁሉ ይጠጣል። ሐምሌ ላይ ሆዱ ይነፋል፤ መስከረም ሲጠባ ማንም ሊያነበው የማይችል ቢጫ ካርታ ይዞ ይደርቃል።

ሊቃውንት በቃሉ ሥር አይስማሙም። ከላቲኑ ቁራ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከግሪኩ ጎባጣ መስመር ነው የሚሉም አሉ። የውጭው ኮርኒስ ላይ ቁራ ቢያርፍ አይገርምም። የእኛው ላይ የሚያርፈው ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የእህቴ ልጅ አርክቴክቸር ይማራል፤ ከተማረ ወዲህ ደግሞ ቤታችንን ያርማል። አናጢ ጠርተን ስለ ኮርኒሱ ስንነጋገር ጣልቃ ገባና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮርኒስ አይባልም፤ ሲሊንግ ነው» አለ። አናጢው ሜትሩን ጥቅልል አድርጎ፣ «ሲሊንግ ከሆነማ ዋጋው ሌላ ነው። ኮርኒስ ከሆነ እንስማማለን» አለ። ኮርኒስ ነው ብዬ ተስማማሁ። በዚህ ነገር ከአናጢው ጎን ነኝ፤ ቃል የሚኖረው ኪራይ በሚከፍልበት ቤት ነው።

ደግሞስ ከቦታው የለቀቀው እኛ ጋ ብቻ ነው? ፈረንሳዮች ኮርኒሽ ብለው ገደል ላይ ለተንጠለጠለ የባሕር ዳር መንገድ ሰጡት፤ ኒስ ከተማ አጠገብ እንዲህ ያሉ ሦስት መንገዶች አንዱ ከሌላው በላይ ተሰልፈዋል። ሮልስ ሮይስ በ1971 መኪና ሰየመበት። ዐረቦቹ ገደሉን ትተው መንገዱን ወሰዱ፤ እስክንድርያ፣ ቤይሩት፣ ዶሃ፣ አቡ ዳቢ የባሕር ዳር መናፈሻቸው ኮርኒሽ ነው። አቡ ዳቢ የምትሠራ የጎረቤታችን ልጅ በዕረፍቷ ቀን ደውላ፣ «እማዬ፣ ኮርኒሽ ላይ ነኝ» ብትላቸው እናቷ ስልኩን እንደያዙ ጮሁ። «ምን አድርጊ ብለው ነው ያወጡሽ? ሌላ ሰው የላቸውም? ውረጂ!» ልጅቱ ባሕር አለ፣ ሰው ይንሸራሸራል፣ አይስክሬም ይሸጣል ብትል ማን ሊሰማት። አይስክሬሙ ጭራሽ አባሰው።

እኔ በእናትየው አልስቅም። ተራራ ወጪዎችም ነፋስ ከሸንተረር አፋፍ አውጥቶ ያንጠለጠለውን በረዶ ኮርኒስ ይሉታል፤ ከላይ ሲታይ መሬት ይመስላል፣ ሥሩ ግን ባዶ ነው። ናንጋ ፓርባት ጫፍ ላይ በ1953 ብቻውን የቆመው ኦስትሪያዊው ኸርማን ቡል በ1957 ቾጎሊዛ ላይ የሞተው እሱ ተንዶበት ነው። ውረጂ ማለት ከዚህ አንፃር ደንበኛ ምክር ነው።

በትርጉም ለኮርኒስ ከሚቀርቡት የእንግሊዝኛ ቃላት የምወደው ግን ስለ ጣሪያው ክፈፍ የሚናገረው ነው። እንግሊዞች ጆሮ ጠቢን «ኢቭስድሮፐር» ይሉታል፤ የሰው ቤት ጠፈጠፍ ሥር ቆሞ የሚያዳምጥ ማለት ነው። ብላክስቶን የተባለው የሕግ ሊቃቸው በ1769 በታተመው ቅጹ ከወንጀለኞች ጋር አስቀምጦታል። ምስኪን ሕዝብ! ወሬ ለመስማት በዝናብ ይበሰብሳል።

እኛ ሰፈር ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያየን ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ ሰማዩ የጋራ ነው። ጎረቤቴ ከማን እንደተበደረ፣ ለመቼ እንደቀጠረ፣ ያልከፈለበትን ምክንያት ሳይቀር አልጋዬ ላይ በደረቁ ተጋድሜ አውቃለሁ። አይጦቹም በዚያው መንገድ ማታ ማታ ከእነሱ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ እነሱ ይጋልባሉ፤ የማን እንደሆኑ እስካሁን አልተወሰነም። ይህን ጽፌ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ከኮርኒሱ ማዶ ሳል ተሰማ።

«አይጦቹ የእናንተ ናቸው ብለህ ጻፍ!»